ከሦስተኛው ምድጃ ጀርባ

ዶኛ ሬፉሂዮ ሞንታኜስ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በዶን አኒሴቶ እርሻ፣ አረቄ በሚወጣለት የአጋቬ ተክል ውስጥ፣ በሁለት ተርታ ተክል መካከል፣ በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ደረታቸውን አንድ ጥይት መትቶታል። ካናቴራቸው ላይ የልጃቸው ፎቶ ታትሟል፤ ጥይቱ የገባው የልጁን አገጭ በስቶ ነው። ከአስከሬኑ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ለፍለጋ የሚይዙት ፌሮ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ተተክሏል።

እኔ ስደርስ የሳንታ ኤዱቪሄስ ማዘጋጃ ቤት ፖሊሶች ቢጫውን ሪባን ዘርግተው ጨርሰው በፒካፑ ጥላ ሥር ቶርቲያ ይበሉ ነበር። አዛዣቸው ኮማንደር ቴዎዱሎ እጁን በሱሪው ጠርጎ ጨበጠኝ።

“ቀላል ነው ኤቫሪስቶ፣” አለኝ። “አሮጊቷ የሰው እርሻ በፌሮ ስትወጋ ዘበኛው ተኮሰባት። ዶን አኒሴቶ ‘ተክሌን የምትበሳ ሴት ባገኝ አስተኩሳለሁ’ ብሎ ገበያ መሃል ሲፎክር ያልሰማ የለም።”

“ዘበኛው ማነው?”

“ፊደንሲዮ። ዝንብ የማይገድል ይመስላል። እንደዚህ ዓይነቱን ነው መፍራት።”

የክልሉ የግድያ መርማሪ ከሆንኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት ውስጥ “ቀላል ነው” ተብሎ የቀረበልኝ ጉዳይ ሁሉ ለአንድ ሰው ቀላል ሆኖ አይቻለሁ፤ ያ ሰው ግን ሟቹም እኔም ሆነን አናውቅም።

ዶኛ ሬፉሂዮን ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። ጠዋት ጠዋት ባቡር ጣቢያው በር ላይ በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ታማሌ ይሸጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ልጃቸውን ይፈልጋሉ። ኤሊሴዮ የሃያ ሁለት ዓመት ጣሪያ ሠሪ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ወደ ሰሜኑ ድንበር በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈረ። የታጠቁ ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው አሥራ ዘጠኝ ወጣቶችን አወረዱ። ሾፌሩ ጉዞውን ቀጠለ። ሻንጣዎቹ ድንበር ደረሱ፤ ባለቤቶቹ አልደረሱም። ሻንጣዎቹን የተረከበው ሠራተኛ መደርደሪያ ላይ ደረደራቸው እንጂ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም።

ከተማው ግን መልስ ነበረው። “የሆነ ነገር ውስጥ ገብቶ ይሆናል፣” አለ። ይህችን ዓረፍተ ነገር እጠላታለሁ። ከጥይት ይልቅ ብዙ ሰው የቀበረችው እሷ ናት። የሚናገሯትም ወንበዴዎቹ አይደሉም፤ ቄሱ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪው፣ ፀጉር አስተካካዩ ናቸው። ሟቹ ጥፋተኛ ከሆነ እኛ ደህና ነን፤ ልጃችንም ደህና ነው፤ እራታችንን እንበላለን። አገር የሚፈርሰው በዚህች እራት ላይ ነው።

ዶኛ ሴኖቢያ አስከሬኑ ሳይነሳ ደረሱ። የሟች አበልጅ ናቸው፤ ኤሊሴዮን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። ቀጭን፣ አንደበታቸው የተሳለ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ ሴት። ወደ ሬሳው አላዩም። ፌሮውን ነው ያዩት።

“ማነው እንዲህ የተከለው?” አሉ።

“እንዲሁ ተተክሎ ነው የተገኘው።”

“ውሸት ነው። አንተ ስንፈልግ ቆመህ አይተህ ታውቃለህ?”

አላየሁም። ወረቀታቸውን ነው የማየው።

“ፌሮ ይመታል፣ ይገባል፣ ወዲያው ይነቀላል። ጫፉን እናሸታለን። ሞት ካለ ይሸታል፤ ከሌለ ጠርገን ወደ ሌላ ቦታ እንሄዳለን። ተክሎ የሚቆም የለም። ተክለኸው ቆመህ ምን ልታሸት ነው? እጀታውን?” ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። “ይሄንን የሠራው ከሩቅ ሲያየን የኖረ ሰው ነው።”

ፌሮውን ነቀልኩት። እርሻው ቀይ አፈር ነው፤ ጫፉ ላይ ጣት የምታህል ቀይ ጭቃ ነበረች። ከሷ በላይ ግን አንድ ክንድ ያህል የደረቀ ነጭ ነገር ተለጥፏል። በአውራ ጣቴ ፈተግኩት። ኖራ ነው። የዶኛ ሬፉሂዮ ጫማ ስፌት ውስጥም ይኸው ነጭ ነበር።

“ሰኞ ዕለት አብራችሁ አልነበራችሁም?”

“ሰኞ የማሽን ቀኔ ነው። ብቻዋን እንዳትሄድ ብያታለሁ። እሺ ብላኝ ነበር።” ሻርፓቸውን ጠበቅ አደረጉ። “አሁን ኤሊሴዮን የሚፈልገው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። መቃብሯን ለሁለት ነው ያስቆፈረችው። ግማሹን ባዶ አድርጌ አልዘጋውም። ሰማኸኝ? ገዳይዋን ለአንተ ትቼዋለሁ፤ ልጁን አምጣልኝ።”

*

ፊደንሲዮን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ዋና ዐቃቤ ሕጓ ግሪሴልዳ በስልክ አዘዘችኝ፣ እኔም ፈረምኩ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል።

“ሐኪሙ የሞቱት ሰኞ ከሰዓት ነው ይላል። የት ነበርክ?”

“ስጨፍር ነበር፣ ጌታዬ። የቅድስት ኤዱቪሄስ ንግሥ ነበር እኮ።”

“ማን አየህ?”

“ከተማው በሙሉ።”

“ፊትህን?”

ጉሮሮውን ጠረገ። “ጭምብል አድርጌ ነበር። ስእለት ነው። ልጄ ከሳንባ ምች እንድትድን ተሳልኩ። ከቀትር እስከ ጀምበር መጥለቂያ ጭምብሉ አይወልቅም፤ ቃልም አይወጣም።”

“ውኃስ?”

“ኦቲሊያ፣ ሚስቴ፣ በጭምብሉ አፍ በኩል በቀጭን ቱቦ ታጠጣኝ ነበር።”

“ሚስት ናት፤ ዐቃቤ ሕጓ አትቀበላትም።”

“ቅድስቲቱስ?”

“መጥሪያ የምናደርስበት አድራሻ የላትም፣ ፊደንሲዮ።”

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ለማን እንደሳቀ ሲያስበው ፊቱ ጠቆረ። ጫማውን አስወለቅኩት። ሁለቱም እግሮቹ ውኃ ቋጥረው፣ ፈንድተው፣ እንደገና ቋጥረዋል። በዚህ እግር ሬሳ ተሸክሞ እርሻ የሚያቋርጥ ሰው የለም። ደግሞም የእሱ መሣሪያ ወፍ የሚያባርርበት የአያቱ ጠብመንጃ ነው፤ ሐኪሙ ከዶኛ ሬፉሂዮ ደረት ያወጣው ጥይት የዘጠኝ ሚሊሜትር ሽጉጥ ነው።

ለግሪሴልዳ ደወልኩላት።

“ሽጉጡን ደብቆ ይሆናል፣” አለች።

“እግሩንስ?”

“ኤቫሪስቶ፣ ክስ በእግር አይመሠረትም። እሱን ይዘህ ቆይ።”

ይዤው ቆየሁ። ወጣ ስል ኦቲሊያ በሩ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ምሳ ይዛ ቆማ ነበር። “ይበላል?” አለችኝ። “ይበላል፣” አልኳት።

*

በዚያ አካባቢ ኖራ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው የተተወው የኖራ ማቃጠያ። ዶኛ ሴኖቢያ አብሬ ካልሄድኩ አሉ። ወዴት እንደምንሄድ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እኔ ግን ከፌሮው ላይ ኖራውን ከፈተግኩበት ደቂቃ ጀምሮ አንድ ነገር ላለማሰብ እታገል ነበር።

አራት ምድጃዎች በተርታ ቆመዋል። ከሦስተኛው ጀርባ ያለው መሬት ልክ እንደ አልጋ ተነጥፏል። የኤክስካቫተር ጥርስ ዳር ዳሩን ቧጭሮታል፤ የጎማው ዱካ ወደ መንገዱ ወጥቷል። ዶኛ ሴኖቢያ የራሳቸውን ፌሮ በመዶሻ መቱት። ነቀሉት። ጫፉን አፍንጫቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“የሉም፣” አሉ። “ግን ነበሩ።”

ሦስት ጊዜ ሌላ ቦታ መቱ። “እዚህም ነበሩ።” ከዚያ ተንበርክከው በጣታቸው አፈሩን ማበጠር ጀመሩ፤ አንድ የጂንስ ቁልፍና አንዲት የጣት አጥንት አወጡ። አጥንቷን በመዳፋቸው ይዘው አቧራዋን እፍ አሉላት። እነዚህ ሴቶች አጥንት አይሉም፤ “ሀብታችን” ነው የሚሉት። እኔ በሪፖርት ላይ “ቅሪት” እላለሁ።

ከምድጃው አፍ አጠገብ ነጩ አቧራ ላይ የደረቀ ደም አገኘሁ፤ ከሱ አራት እርምጃ ርቆ የዘጠኝ ሚሊሜትር ቀለህ።

“ዶኛ ሬፉሂዮ የሞቱት እዚህ ነው፣” አልኩ። “ሰዎቹ ሲቆፍሩ እሳቸው ደርሰውባቸዋል። ከዚያ ዶን አኒሴቶ እርሻ ወስደው ጣሏቸው። ጉድጓዱ እንዲረሳ።”

“አዎ፣” አሉ ዶኛ ሴኖቢያ። “ይሄን ቦታ ለማን ነገርክ?”

ላለማሰብ ስታገል የነበረው ነገር ይህ ነው። ባለፈው ሐሙስ ዶኛ ሬፉሂዮ ቢሮዬ መጥተው ነበር። ስሙን ያልተናገረ ሰው ደውሎላቸው “አሮጌው ኖራ ማቃጠያ፣ ከሦስተኛው ምድጃ ጀርባ ቆፍሩ” ብሏቸዋል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ፍለጋ የሚደረግበት ቦታ ከአምስት ቀን በፊት በደብዳቤ ይገለጻል፤ ለአጃቢነት ደግሞ ለማዘጋጃ ቤቱ ፖሊስ ግልባጭ ይደረጋል። “ለእነሱ አትላክ፣” አሉኝ። “ሦስት ጊዜ አሳውቀን ሦስት ጊዜ ባዶ ጉድጓድ ጠበቀን። በእናትህ።” እኔ ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝ። ደንቡን ያረቀቀው ኮሚቴ አባልም ነበርኩ። “ያለ አጃቢ መፈለግ ሕገ ወጥ ነው፣ ዶኛ ሬፉሂዮ፣” አልኳቸው። “የጻፍነው ለእናንተው ደኅንነት ነው።” በቁጣ ነበር የተናገርኩት፤ ደንብ የሚጠላ ሰው ያናድደኛል። አንድ ደብዳቤ፣ ስድስት ግልባጭ። አርብ ጠዋት ወጣ።

“ለስድስት መሥሪያ ቤት፣” አልኳቸው ለዶኛ ሴኖቢያ።

አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። አጥንቷን በመሐረብ ጠቅልለው ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

*

ከስድስቱ ውስጥ አምስቱ ደብዳቤውን ገና አልከፈቱትም። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በየቢሮው ዞሬ ፖስታዎቹን ታሽገው በዓይኔ አየሁ። አገሬ በስንፍናዋ ንጹሕ ናት። ስድስተኛው የማዘጋጃ ቤቱ ፖሊስ ነው፤ እነሱ አርብ ዕለት አራት ሰዓት ላይ ተቀብለው ማኅተም መትተዋል። ትጉሃን ናቸው።

የማዘጋጃ ቤቱ ኤክስካቫተር አንድ ነው። ማሽኑን የሚጠብቁት ሽማግሌ የመውጫ መዝገቡን ያለ ማንገራገር ሰጡኝ፤ ምናልባት ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ። እሑድ ጠዋት ወጥቷል፤ ሰኞ ማታ ተመልሷል። ምክንያት፦ የውኃ ቧንቧ ጥገና፣ የሐዲድ ማዶ መንገድ።

“በዚያ መንገድ ውኃ ካየን ዘጠኝ ዓመታችን ነው፣” አልኳቸው።

“ለዚህ ይሆናላ የሚጠገነው፣” አሉ ሽማግሌው፣ ወደ መሬት እያዩ።

ፊርማው የኮማንደር ቴዎዱሎ ነበር። በየሳምንቱ ሴቶቹን የሚያጅበው እሱ ነው። ፒካፑ ውስጥ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ መስታወቱን ዘግቶ፣ ከሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ሲያያቸው ዓመታት አልፈዋል። ፌሮ መሬት ውስጥ ሲገባ አይቷል። ሲነቀልና ሲሸተት ለማየት ግን መውረድ ነበረበት።

መዝገቡን፣ ቀለሁን፣ የኖራውን ናሙና፣ የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ግሪሴልዳ ፊት አስቀመጥኩ። አንድ በአንድ አነበበች። ብልህ ሴት ናት፤ ይህ ነው የሚያበግነኝ። ደደብ ብትሆን ይቅር እላት ነበር።

“ጎበዝ፣” አለች። “አሁን እኔ ልንገርህ። ቦታውን ያወጣው ደብዳቤ የማን ፊርማ አለበት?”

“የእኔ።”

“ሟቿ እንዳትልክ ለምናህ ነበር?”

“አዎ።”

“እንግዲህ ይህ መዝገብ ሲከፈት የመጀመሪያው ተከሳሽ አንተ ነህ። ቴዎዱሎ ‘ለቧንቧ ነው’ ይላል፤ ነፃ ይወጣል። አንተ ግን ፊርማህን ምን ትለዋለህ?” ወረቀቶቹን ሰብስባ መሳቢያዋ ውስጥ አስገባች። “ፊደንሲዮ ትናንት ማታ አምኗል።”

“ለማን?”

“ለቴዎዱሎ ፖሊሶች።”

“እንዴት አድርገው እንዳሳመኑት ላሳይዎት?”

“አታሳየኝ፣” አለች። “እኔም እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ከእኔ በፊት የነበረው ስላየ ነው።”

ቀለሁ በዚያው ሳምንት ከማስረጃ ክፍል ጠፋ። ማን እንዳወጣው የሚያሳይ ፊርማ የለም፤ ደንቡን የሚያከብሩት እነሱ አይደሉም።

*

ኮማንደር ቴዎዱሎ ቁርስ ጋበዘኝ። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ የዶኛ ሬፉሂዮ የታማሌ ድስት ይቀመጥበት ከነበረው ጥግ ትይዩ። እንቁላል በቃሪያ አዘዘ። እኔ ምንም አላዘዝኩም።

“መዝገቡን እንዳገኘኸው ነገሩኝ፣” አለ።

“ዶኛ ሬፉሂዮ ላይ የተኮስከው አንተ ነህ?”

“ብላ እንጂ። ባዶ ሆድ ይቆጣል።”

“አንተ ነህ ወይ አልኩህ።”

ሹካውን አስቀመጠ። “እኔንም የሚደውልልኝ አለ፣ ኤቫሪስቶ። ‘ጉድጓዱ እስከ ረቡዕ ባዶ ይሁን’ ይላል። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። የክፍላቸውን ቁጥር ነግሮኛል፤ ትልቋ የት ጋ እንደምትቀመጥ ሳይቀር። አንተ ልጅ የለህም። ስለዚህ ጀግና ነህ።” አፉን ጠረገ። “አሮጊቷ ረቡዕ ነበር መምጣት የነበረባት። ደብዳቤህ ላይ ረቡዕ ነው የሚለው። ለምን ሰኞ መጣች?”

ከልቡ ነበር የሚጠይቀው። ተቀይሟቸው ነበር።

“አጥንቶቹ የት ናቸው?”

“ይህን ለማለት ነው የጠራሁህ። የተጣለ ነገር የለም። በጆንያ ነው ያሉት። አንተ መዝገቡን ብትረሳው፣ ፊደንሲዮም በእምነት ቃሉ ቢጸና፣ ለሴቶቹ አንድ ስልክ ይደወላል። ሁሉንም ያገኛሉ። ካልሆነ ግን ኖራ ብዙ ነው፤ እሳትም አለ።”

ጠረጴዛውን ልገለብጥበት ፈለግኩ። አልገለበጥኩም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልገለበጥኳቸው ጠረጴዛዎች ናቸው ደሞዜ የተከፈለኝባቸው።

*

ለዶኛ ሴኖቢያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምንም አልደበቅኩም። ክንዳቸው ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ማሽኑ አጠገባቸው እየተንጎራጎረ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነበሩ።

“ለምን መጥተህ ነገርከኝ?” አሉ።

“እርስዎ እንዲወስኑ።”

“አንተ እንዳትወስን ነው።”

መርፌ በሌለበት እጃቸው ብርድ ልብሱን ሳብ አደረጉ።

“እኛ ሴቶች ስንጀምር የተማማልነው አንድ ነገር ነው። ወንጀለኛ አንፈልግም፤ ልጆቻችንን ነው የምንፈልገው። በየዛፉ ላይ ለጥፈነዋል። ያነበቡ ሰዎች ናቸው እየደወሉ ቦታ የሚነግሩን። ገዳይ መፈለግ ከጀመርን ማንም አይደውልልንም።”

“ፊደንሲዮስ?”

ማሽኑን አዩት። ደማቸው በቱቦው ውስጥ ይሄዳል፣ ይመጣል።

“ሕያው ነው፣” አሉ። “ሕያው ሰው ጠበቃ አለው፣ ሚስት አለችው፣ ይግባኝ አለው። ይቆያል። የእኔዎቹ ማን አላቸው? ሰባት ዓመት ቆይተዋል።” ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። “ይህን እኔ እንዳልኩ እንዳትጽፈው።”

ተመልሼ “ምርመራው ተጠናቋል” በሚለው ወረቀት ላይ ፈረምኩ። በማግስቱ ፊደንሲዮ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ እስር ቤት ተዛወረ። የቴዎዱሎ ሰዎች ናቸው የወሰዱት። ግቢው ውስጥ ቆሜ ፒካፑ ላይ ሲጫን አየሁት። ካቴና ስለነበረው በአገጩ ሰላምታ ሰጠኝ። “ይግባኝ አለኝ አይደል ጌታዬ?” አለ። “አለህ፣” አልኩት።

ስልኩ ቅዳሜ ተደወለ። አሥራ ሁለት ጆንያ፣ በደረቁ ወንዝ ድልድይ ሥር፣ በሥርዓት ተደርድሮ። የፎረንሲክ ሰዎቹ ማን የማን እንደሆነ ለመለየት ዓመታት ይፈጃል አሉ፤ ማቀዝቀዣቸው ሞልቷል። ኤሊሴዮ ግን ገና ልጅ ሳለ ከጣሪያ ወድቆ በቅልጥሙ ውስጥ ጠፍጣፋ ብረት ገብቶለት ነበር። ዶኛ ሴኖቢያ ከሰባተኛው ጆንያ አወጡት። ብረቱን በሻርፓቸው ወለወሉት፣ ደረታቸው ላይ አደረጉት፣ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። ዝማሬ የመሰለ ነገር ያንጎራጉሩ ነበር፤ ልጅ ሲያስተኙ የሚዘፍኑትን።

እናትና ልጅ በአንድ ቀን ተቀበሩ። ኮማንደር ቴዎዱሎ አበባ ላከ። ቄሱም ስለ ይቅርታ ሰበኩ፤ እኚያው “የሆነ ነገር ውስጥ ገብቶ ይሆናል” ያሉት ቄስ።

*

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኦቲሊያ ቢሮዬ መጣች። በእጇ የተጠቀለለ ምሳ ነበር። ሦስት አውቶቡስ ቀይራ ዋና ከተማው እስር ቤት ደርሳ ተመልሳለች።

“በዝርዝራችን ውስጥ የለም አሉኝ፣” አለች። “‘እንዲህ ያለ ሰው አልተረከብንም’ አሉኝ። ሁለት ጊዜ አስፈለግኋቸው። ስሙን ተሳስተው ይሆናል ብዬ መታወቂያውን አሳየኋቸው።”

ለግሪሴልዳ ደወልኩ፤ ስብሰባ ላይ ናት። ለእስር ቤቱ ደወልኩ፤ አልተረከብንም። ለቴዎዱሎ ደወልኩ። “አስረክበናል፣” አለኝ፤ “ወረቀቱ እነሱ ጋ ነው፣” ብሎ ዘጋው።

ለዶኛ ሴኖቢያ አልደወልኩም። ምን ብዬ?

ከመሳቢያዬ ቅጹን አወጣሁ፤ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ። በአሥራ ስድስት ዓመት ስንቱን እንደሞላሁ አላውቅም፤ እጄ በራሱ ይሞላዋል። ሙሉ ስም። ዕድሜ። ልዩ ምልክት። የልብሱ ዓይነት።

“ምን ለብሶ ነበር?” አልኳት።

“እኔን ይጠይቁኛል?” አለች። “እኔ ያየሁት ሲያዝ ነው። ሲጫን ያዩት እርስዎ ነዎት።”

ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ግራጫ ሱሪ፣ ባርኔጣ የለም። ጻፍኩ። ቀጥሎ “ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ሰው” የሚል መስመር አለ። ስሜን ጻፍኩ፤ ኤቫሪስቶ ሳልዲቫር። ከሱ ሥር “ከጠፋው ሰው ጋር ያለው ግንኙነት” ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ እህት፣ ሚስት ተብሎ ነው የሚሞላው። እኔ “ያሰረው” ብዬ ጻፍኩ።

ኦቲሊያ ማንበብ ትችላለች። ቅጹን ወደ ራሷ ስባ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ያቺ ቃል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። ምሳውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ እንደገና በክንዷ ሥር አቀፈችው።

“ነገ ቢሮውን ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?” አለች።